ለስፖርት ሞተር የሚበረክት የአስፋልት ጎማ፦ ሚሽሊን ሮድ 6 ከ11,000 ኪሎ ሜትር በኋላ

የስፖርት ሞተር የኋላ ጎማ ማለቅ አለማለቁን በዓይን ከማየት ይልቅ በመዳፍ መዳሰስ የተሻለ ይነግራል። ከዚህ በፊት የተጠቀምኩበትን፣ ለፈጣን አነዳድ የተሠራ ለስላሳ ጎማ 5,400 ኪሎ ሜትር ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን በመዳፌ ስዳስሰው መሃሉ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ነበር። ጠፍጣፋው አልቆ ወደ ጎን በሚወርድበት ቦታ ላይ ደግሞ ጣት የሚያቆም ጠርዝ ወጥቶበታል። የጎኖቹ ጥርስ ግን አዲስ በነበረበት ጊዜ እንደነበረው ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ጎማ ኩርባ ውስጥ ስገባ ሞተሩ መጀመሪያ ዘንበል አልልም ብሎ ይቆያል፤ ጠርዙን ሲያልፍ ደግሞ ካሰብኩት በላይ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ውዱ ለስላሳ ላስቲክ ያለው በጎኖቹ ላይ ነበር፤ ጎማው የተጣለው ግን እሱ ሳይነካ መሃሉ ስላለቀ ነው።

ያ ጎማ ጥፋት አልነበረበትም። የተሠራው ለሌላ ዓይነት አነዳድ ነው፤ ጥፋቱ የምርጫዬ ነበር። ሞተሬ 600 ሲሲ ስፖርት ነው፤ ነገር ግን ከምነዳው መንገድ አብዛኛው ቀጥ ያለ፣ በመጠነኛ ፍጥነት የሚኬድ፣ አልፎ አልፎ ዝናብ የሚጥልበትና ጠዋት ጠዋት የሚቀዘቅዝ አስፋልት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጎማ የመረጥኩት ለሞተሩ መልክ ሳይሆን በእርግጥ ለምነዳው መንገድ ነው። በሞተረኞች ዘንድ «የሚበረክት ጎማ አስፋልት አይይዝም፣ አስፋልት የሚይዝ ጎማም አይበረክትም» የሚል የቆየ አነጋገር አለ። ለውድድር ሜዳ ይህ እውነት ነው። ለተራ መንገድ ግን ዛሬ አብዛኛው ክፍሉ አይሠራም፤ ምክንያቱን ማወቅም ጎማ ሲመረጥ በእጅጉ ይጠቅማል።

ላስቲክ አስፋልትን ቆንጥጦ የሚይዘው በተሠራበት የሙቀት ልክ ውስጥ ሲሆን ነው። የውድድር ጎማዎች ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተጠቅልለው እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ የሚሞቁት ለዚህ ነው። ከተነሱ በኋላም ሙቀቱን የሚጠብቅላቸው በየጥቂት ሰከንዱ የሚመጣው ከባድ ፍሬንና ከባድ ጋዝ ነው። በተራ መንገድ ላይ ግን በሰዓት 80 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቀላል ሞተር፣ በተለይ በማለዳ ወይም በዝናብ፣ ያን ያህል ሙቀት በጎማው ውስጥ አይፈጥርም። ስለዚህ ለትራክ፣ ማለትም ለውድድር ሜዳ፣ የቀረበ ጎማ ያሰረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች የሚነዳው ገና ባልሞቀ፣ ባልነቃ ላስቲክ ላይ ነው። ቶሎ የሚሞቀውና በዝቅተኛ ሙቀት መሥራት የሚችለው ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ጎማ በዚያው መንገድ ላይ በዚያው ሰዓት የተሻለ ይይዛል፤ ከዚያም በላይ ዕጥፍ ያህል ይሄዳል።

የጎማዎቹን ክፍል መለየት ከባድ አይደለም። በአንደኛው ጫፍ እንደ ፒሬሊ ዲያብሎ ሱፐርኮርሳ ያሉ፣ ጥርሳቸው ጥቂት፣ ላስቲካቸው በጣም ለስላሳ የሆነ፣ ለትራክ ተሠርተው መንገድ ላይ እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ጎማዎች አሉ። በመካከል እንደ ብሪጅስቶን ባትላክስ ኤስ23፣ ፒሬሊ ዲያብሎ ሮሶ 4 እና ሜትዘለር ስፖርቴክ ኤም9 አርአር ያሉ የስፖርት ጎማዎች ይገኛሉ። እነዚህ በኩርባማ መንገድ ላይ በፍጥነት ለሚነዳና በዓመት ጥቂት ቀን ትራክ ለሚገባ ሰው ትክክለኛ ምርጫ ናቸው። ሦስተኛው ክፍል ስፖርት ቱሪንግ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተውም እሱን ነው።

የስፖርት ቱሪንግ ጎማን የቀየሩት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሲሊካ ነው። ቀድሞ ላስቲኩን የሚያጠነክረው ጥቁሩ የካርቦን ዱቄት ብቻ ነበር፤ ሲሊካ ሲጨመርበት ወይም ሲተካው ላስቲኩ በቅዝቃዜና በውኃ ላይ ሳይደርቅ አስፋልቱን ይከተላል፣ ሲንከባለልም ያለአግባብ አይግልም። ሁለተኛው በአንድ ጎማ ላይ ሁለት ዓይነት ላስቲክ ጎን ለጎን መዘርጋት ነው። መሃሉ ጠንከር ያለ ሆኖ የቀጥታውን መንገድ ፍጭት ይችላል፤ ጎኖቹ ለስለስ ያሉ ሆነው ሞተሩ ዘንበል ሲል ይይዛሉ። ሚሽሊን ይህን አሠራር «2ሲቲ» ይለዋል። በኋላ ጎማው ላይ ያለው የተሻሻለው ዓይነት «2ሲቲ ፕላስ» ይባላል፤ በእሱ ላይ ጠንካራው የመሃል ላስቲክ በለስላሳው የጎን ላስቲክ ሥር ጭምር እንደ መሠረት ይዘልቃል። ጥቅሙ ዘንበል ባሉበት ጋዝ ሲሰጡ ይታወቃል፤ ጎኑ ለስላሳ ቢሆንም ከሥሩ ደገፍ የሚያደርገው ስላለ ጎማው አይዋዥቅም።

እኔ ያሰርኩት በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣውን ሚሽሊን ሮድ 6 ነው፤ የፊቱ 120/70 ዜድአር 17፣ የኋላው 180/55 ዜድአር 17። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ፋብሪካው ከቀደመው ሮድ 5 ጋር ሲነጻጸር በእርጥብ መንገድ 15 በመቶ የተሻለ እንደሚይዝና 10 በመቶ ተጨማሪ ዕድሜ እንዳለው አስታውቋል። እነዚህን ቁጥሮች እኔ ልለካቸው አልችልም። የምችለው 11,200 ኪሎ ሜትር ሙሉ የታዘብኩትን መናገር ነው።

በደረቅ አስፋልት ላይ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ማለዳ ከቤት ስወጣ የሚሰማኝ ስጋት መቅረቱን ነው። በቀድሞው ጎማ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች በእንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ተጠንቅቄ ነበር የምነዳው። አሁን ከመጀመሪያው ማዞሪያ ጀምሮ መሪው የሚነግረኝ ነገር ግልጽ ነው። በኩርባ ውስጥ ዘንበል ማለቱ በአንድ ዓይነት መጠን የሚሄድ ነው፤ የሚጎተትበትም፣ ድንገት የሚወድቅበትም ቦታ የለውም። እርግጥ ነው፣ የስፖርት ቱሪንግ ጎማ በጠቅላላ እንደ ስፖርት ጎማ ሹል ቅርጽ ስለሌለው ሞተሩን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ለማገላበጥ መሪው ላይ ትንሽ ጨምሮ መግፋት ያስፈልጋል። በተከታታይ ኩርባ ላይ ይህ ይታወቃል። ትራክ ላይ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ለእኔ ግን በሁለተኛው ሳምንት ረስቼው ነበር።

ይህን ጎማ እንድወደው ያደረገኝ ግን ዝናብ ነው። አስፋልት በጣም የሚያንሸራትተው ለረጅም ጊዜ ደርቆ ከቆየ በኋላ ዝናብ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው፤ አቧራው፣ የፈሰሰው ዘይትና የጎማ ብናኙ ከውኃው ጋር ተለውሶ እንደ ሳሙና ይሆናል። እንዲህ ባለ ሰዓት አንድ መኪና ከፊቴ በድንገት ቆሞ ፍሬን አጥብቄ ያዝኩ። የፊቱ ጎማ በነጭ የተቀባውን የእግረኛ ማቋረጫ ሲረግጥ ለቅጽበት ሸተት አለ፤ ቀለሙን አልፎ አስፋልቱን ሲያገኝ ግን ወዲያው ያዘና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ቀለም ላይ የትኛውም ጎማ ተአምር አይሠራም። ከቀለሙ በኋላ የሆነው ግን የጎማው ሥራ ነው። በሮድ 6 ላይ ከሚታየው ሰፊ ቦይ በተጨማሪ ቢላ የቆረጣቸው የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። እነዚህ ስንጥቆች በላስቲኩና በአስፋልቱ መካከል የሚቀረውን ስስ የውኃ ሽፋን እየጠጡ ላስቲኩ መሬቱን እንዲነካ ያደርጋሉ። ከላይ ጠባብ ሆነው ወደ ውስጥ እየሰፉ የሚሄዱ ስለሆኑ ጎማው እየተበላ ሲሄድ አፋቸው ይሰፋል። እንዲህ ያለውን ቅርጽ በተለመደ ሻጋታ ማውጣት አስቸጋሪ በመሆኑ ሚሽሊን በ2018 ለወጣው ሮድ 5 የሻጋታውን ክፍሎች በብረት የሦስት አውታር (3ዲ) ኅትመት ነው የሠራቸው። ብዙ ጎማ አዲስ ሳለ በውኃ ላይ ጥሩ ሆኖ ግማሹ ሲያልቅ ስለሚከዳ፣ ይህ አሠራር ከምንም በላይ የሚጠቅመው የሚበረክት ጎማ ለሚፈልግ ሰው ነው። ዕድሜው ረጅም የሆነ፣ ነገር ግን በዕድሜው አጋማሽ ዝናብ የሚያስፈራው ጎማ በረከተ ሊባል አይገባውም።

ስለ አበላሉም እንዲሁ በመዳፍ ነው የምናገረው። 8,000 ኪሎ ሜትር ላይ የኋላው መሃል ከጎኖቹ ዝቅ ማለቱ በጥልቀት መለኪያ ይታወቅ ነበር፤ በእጅ ሲዳሰስ ግን ጠርዝ አልነበረውም። 11,200 ላይ የመሃሉ የጥርስ ጥልቀት 2 ሚሊ ሜትር ላይ ደርሷል፤ ጠፍጣፋነቱም መጀመሩ በመሪው ይሰማኛል፣ ሆኖም የቀድሞው ጎማ 5,400 ላይ ከነበረበት ሁኔታ ጋር አይወዳደርም። የምነዳው ብቻዬን ነው፤ ሻንጣም ሰውም አልጭንም። በ1,000 ሲሲ ሞተር ላይ ጋዝ የሚያበዛ ወይም ዘወትር ሰው የሚያፈናጥጥ ሞተረኛ ከዚህ ያነሰ ኪሎ ሜትር ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም፤ የኋላ ጎማን የሚበላው ከሁሉም በላይ የጋዝ እጅ ነው።

ከሮድ 6 ውጭ ያሉትን መርሳት ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2021 የወጣው ብሪጅስቶን ባትላክስ ቲ32 ስፋታቸው እየጠበበና እየሰፋ የሚሄድ ቦዮች አሉት፤ ይህም ውኃው በቦዩ ውስጥ በፍጥነት እንዲወጣ ለመርዳት ነው። በ2019 የወጣው ፒሬሊ ኤንጀል ጂቲ 2 በመሃሉ ላይ ሁለት ትይዩ ቦዮች ተዘርግተውበታል፤ በውስጡ ያለው ብረት ክር በጎማው ዙሪያ በ0 ዲግሪ፣ ማለትም ከሚሽከረከርበት አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ የተጠመጠመ በመሆኑም በከፍተኛ ፍጥነት ቅርጹን ይጠብቃል። የኮንቲኔንታል ሮድአታክ 4 አሠራር ደግሞ የተለየና በእኔ ግምት እጅግ ብልህ ነው። ሁለት ላስቲክ ከማጣበቅ ይልቅ አንዱን ላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ሲበስል መሃሉንና ጎኑን በተለያየ ሙቀት ያበስለዋል፤ ስለዚህ ከጠንካራ ወደ ለስላሳ የሚደረገው ሽግግር መገጣጠሚያ የለውም። ሜትዘለር ሮድቴክ 01 እና ደንሎፕ ሮድስማርት 4 በዚሁ ክፍል የሚቆጠሩ ናቸው። ዝናብ ለሚበዛበት ሰው ሮድ 6ን አስቀድማለሁ። መንገዱ ይበልጡን ደረቅና ኩርባማ ከሆነ ግን ኤንጀል ጂቲ 2ንና ሮድአታክ 4ን በእኩል ደረጃ እመለከታለሁ። ከእነዚህ ጎማዎች አንዳንዶቹ በስማቸው መጨረሻ «ጂቲ» የሚል ተጨማሪ ያለው፣ ለከባድ የጉዞ ሞተሮች የተጠናከረ ዓይነት አላቸው (በኤንጀል ጂቲ 2 ላይ ያለው «ጂቲ» ግን የራሱ የስሙ ክፍል ነው)። ለቀላል ስፖርት ሞተር እሱን መግዛት አያስፈልግም፤ የሚደርቅና መንገዱን የማያሳውቅ ይሆናል።

መጠንን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ የኋላው ጎማ ሰፋ ባለ ቁጥር የበለጠ ይይዛል ብሎ ማሰብ። የ180 ጎማ የሚፈልገው የቸርኬ ስፋት 5.5 ኢንች ነው። በዚያው ቸርኬ ላይ 190 ሲታሰር ጎማው ከግራና ከቀኝ ተቆንጥጦ መሃሉ ይሾላል፤ ቀጥ ብሎ ሲኬድ መሬት የሚነካው ክፍል ይጠብባል፣ ጎኖቹም ፋብሪካው ባሰበው መንገድ አይሠሩም። በ190/50 እና በ190/55 መካከል ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው የጎን ከፍታ 95 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 104.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሞተሩ ኋላ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይልና መሪው ይፈጥናል። ሞተሩ የተሠራበት መጠን በመመሪያ መጽሐፉና ብዙ ጊዜም በሰንሰለት መሸፈኛው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛልና ከዚያ አለመውጣት ነው። ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው 58 ደብሊው ወይም 73 ደብሊው ተራ ጌጥ አይደለም። 58 የሚለው ጎማው 236 ኪሎ ግራም፣ 73 የሚለው 365 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ ደብሊው ደግሞ በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር እንደሚችል ያመለክታል።

ስትገዙ ደግሞ በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያለውን ባለ አራት አኀዝ ቁጥር ፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኀዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ፤ 2323 ማለት በ2023 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከለስላሳ ላስቲክ የሚፈለገው ደግሞ ልስላሴው ነው።

አንድ የራሴን ገጠመኝ እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። ከዚህ ቀደም በአንድ ወቅት ጎማ የገጠመልኝ ባለሙያ የፊቱን ጎማ አገላብጦ አስሮት ነበር። እሱ ያሰበው የፊቱና የኋላው ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ መመልከት አለበት ብሎ ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የኋላው ጎማ ትልቁን ጫና የሚቀበለው ሞተሩ ሲገፋው ነው፤ የፊቱ ግን የሚቀበለው ፍሬን ሲያዝ፣ ማለትም በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የላስቲኩ መገጣጠሚያና የጥርሱ አቀማመጥም በዚያው ልክ ስለሚዘጋጅ የሁለቱ ጥርስ ተቃራኒ መስሎ ቢታይ ትክክል ነው። የሚታመነው በጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት ብቻ ነው። ገጥሞ ለጨረሰ ሰው ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት አጎንብሼ የሁለቱንም ጎማ ቀስት ማየት ከዚያ ወዲህ ልማዴ ሆኗል። ባላንስ መደረጉንና ቫልቮላው አብሮ መቀየሩንም እጠይቃለሁ፤ ያረጀ ቫልቮላ በአዲስ ጎማ ላይ መተው ቁጠባ ሊባል አይችልም።

አዲስ ጎማ ገና ከሻጋታ እንደወጣ ልሙጥ ገጽ ስላለው ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮ አስፋልት አይይዝም። ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ድረስ ጋዙንና ፍሬኑን አለስልሶ፣ የዘንበልታውን መጠን ቀስ በቀስ እየጨመሩ መሄድ ይገባል። በአዲስ ጎማ ከጋራዡ በር ሳይርቅ የወደቀ ሞተረኛ አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ምርጫ ግን ንፋሱ ካልተጠበቀ ከንቱ ይቀራል። ለብዙ ስፖርት ሞተሮች የሚታዘዘው ግፊት የፊቱ 36 ፒኤስአይ ወይም 2.5 ባር፣ የኋላው 42 ፒኤስአይ ወይም 2.9 ባር ነው፤ የሞተራችሁ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። የሚለካውም ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሞተሩ ቆሞ ካደረ በኋላ ነው። የተነዳ ጎማ ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ግፊቱ ስለሚጨምር፣ ሞቆ ሳለ ለክቶ ማስተንፈስ በማግሥቱ የጎደለ ጎማ ይዞ መነሳት ነው። «ለመያዝ እንዲመች» ብለው በመንገድ ላይ ንፋስ የሚቀንሱ ሰዎች ልማዱን ያመጡት ከትራክ ነው። እዚያ ጎማው እጅግ ስለሚሞቅ ግፊቱን ቀንሶ መነሳት ትርጉም አለው። መንገድ ላይ የጎደለ ጎማ ግን ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ መሪው ይከብዳል፣ የፊቱ ጥርስ በማዕበል መልክ ይበላል፣ ውኃ ላይም ቦዮቹ ተጨፍልቀው መጠጣት ያቆማሉ። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ በራሴ መለኪያ እለካለሁ። በአማካይ በእያንዳንዱ ጊዜ የኋላው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ጎድሎ አገኘዋለሁ፤ ለሦስት ወር ሳይለካ የቆየ ጎማ ምን ያህል እንደሚጎድል ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን የኋላው የመቀየሪያው ሰዓት ደርሷል። በቦዮቹ ውስጥ ያሉት የማለቂያ ምልክቶች ገና ከላስቲኩ ጋር እኩል አልሆኑም፤ ዝናቡ ሳይገባ ግን 2 ሚሊ ሜትር ላይ መቀየርን መርጫለሁ። የፊቱ ከኋላው ዘግይቶ ቢያልቅም በግራና በቀኝ ጎኑ ያለው ጥርስ ፍሬን በያዝኩበት አቅጣጫ በትንሹ መላጥ ጀምሯል። አንዱን ብቻ ቀይሮ አዲስ ክብ የኋላ ጎማን ከተበላ የፊት ጎማ ጋር ማጣመር የመሪውን ጠባይ ስለሚያዛባ ሁለቱንም በአንድ ላይ፣ ያንኑ ሮድ 6፣ በዚያው መጠን አዝዣለሁ።